ቀይ ክር የታሰረበት ሁሉ

እውነተኛ ስሟን ከአከራያችን በቀር በግቢው የሚያውቅ የለም። ለሌሎቻችን እትዬ አትንኩ ናት። ስሙን ያወጡላት የምትጠብቃቸው ሕፃናት ናቸው፤ ከማለዳ እስከ ማታ ከአፏ የማይጠፋው ቃል እሱ ነዋ። «አትንኩ። እሱን አትንኩ። አትንኩ አላልኩም?» ገና አፉን እየፈታ የነበረ አንድ ልጅ መጠሪያዋ መስሎት «አትንኩ፣ ሽንቴ መጣ» አላት፤ ከዚያ ወዲህ ተለጥፎባት ቀረ። እሷ እንደሆነች አልተቀየመችም። «ስሜን በጠሩ ቁጥር ምክሬ ትዝ ይላቸዋል» ብላ እንደ ሹመት ተቀበለችው።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ቤቴ ከቤቷ ጋር በአንድ ስስ ግድግዳ ይዋሰናል፤ ሥራ የማልገባ ቀን ቁጣዋን ስሰማ ነው የምውለው። አልዋሽም፣ አንዳንዴ ታንገበግበኛለች። ደክሞኝ ገብቼ ልጆቹን ልስም ጎንበስ ስል በሯ ላይ ክንዷን ዘርግታ ታግደኛለች።

«መጀመሪያ ታጠቢ» ትለኛለች። «ያ የፀጉር ማለስለሻ ምን ምን እንደገባበት አይታወቅም።»

«እትዬ፣ በዚህ እጅ ስንቷን ሴት አሳምሬያለሁ እኮ።»

«ሴቶቹ እጅሽን አይልሱማ።»

ልጆቹ እውነትም ያገኙትን ይልሳሉ። እያጉረመረምኩ ሄጄ እታጠባለሁ።

ሥራዋ እንግዲህ እናቶቻቸው ሥራ የሚውሉ ልጆችን መጠበቅ ነው። ክፍሏ አንድ ናት። ወለሉ ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ግድግዳውን ተጠግተው የተደረደሩ ፍራሾች፣ ማዕዘኖቹ በጨርቅ የተጠቀለሉ አጭር ጠረጴዛ፤ በቃ። ልጅ እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ነገር የለም። ክብሪት የለም፣ ሳሙና የለም፣ መርፌ የለም፤ የራስ ምታት ክኒን እንኳ ከጣሪያው ሥር በተንጠለጠለ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት እናት፣ ልብስ ብል እንዳይበላው ሳጥን ውስጥ የሚጣለውን ነጭ እንክብል በልጇ ሹራብ ኪስ ረስታ መጣች። እትዬ እንክብሉን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ «ከረሜላ መስሎት ቢውጠው ማታ ምን ብዬ ላስረክብሽ ነበር?» ብላ በሰው ፊት አፈር አስመሰለቻት። አከራያችን ለግቢው ውበት ብለው ከደጇ ያስቀመጡትን ሰፋፊ ቅጠል ያለው ተክል ደግሞ ከነጣሳው ተሸክማ እሳቸው በር ላይ አኖረችላቸው። «ይህ ቅጠል ሲታኘክ አፍ ያቃጥላል፣ ምላስ ያሳብጣል። እርስዎ ቅጠል አይበሉም፤ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ» አለቻቸው። ሽማግሌው ለሳምንት ያህል ሰላምታ ነፈጓት። ቅጠሉን ግን አልመለሱትም።

ከሁሉ የሚያስጨንቃት ጠርሙስ ነው። በሰፈራችን በረኪና በራሱ ዕቃ የሚገዛ የለም። ባለሱቁ ከትልቅ ጀሪካን እየቀዳ ይዘን በሄድነው ዕቃ ይሞላልናል። ስለዚህ በውሃ ጠርሙስ በረኪና፣ በለስላሳ ጠርሙስ ላምባ፣ በማርማላታ ብልቃጥ የአይጥ መርዝ በየቤቱ ሞልቷል። እትዬ የሰፈሩን ልማድ መለወጥ ሲያቅታት ምልክት አበጀችለት፤ ሰው የሚጎዳ ነገር ያለበትን ሁሉ አንገቱን በቀይ ክር ታስረዋለች። ክሩን የምታመጣላት ልብስ ፋብሪካ የምትሰፋ አንዲት እናት ናት። ቀስ በቀስ የግቢው ሰው ሁሉ ተከተላት። እኔም እንኳ አንድ ቀን የፀጉር ቀለሜን ጠርሙሶች በቀይ ክር ሳስር ራሴን አገኘሁት። ልጆቹን ደግሞ በየጠዋቱ ታስጠናቸዋለች።

«ቀይ ክር ያለበት?»

«አይነካም» ይላሉ በአንድ ድምፅ።

«የነካ?»

«ይሞታል።»

ይህን የመጨረሻውን አልወደውም ነበር። አፉን በወጉ ላልፈታ ልጅ ከቁርስ በፊት ሞትን ማስጠናት ምን የሚሉት ነገር ነው? አንድ ቀን ይህንኑ ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ቁጭ አደረገችውና የወንድሟን ነገር አወጋችኝ።

ልጆች ሳሉ ነው። ታናሿ ከጨዋታ በላብ ተጠምቆ ገባና በር ሥር የተቀመጠ የለስላሳ ጠርሙስ አንስቶ ገለበጠው። ላምባ ነበር። ቤተሰቡ ተተራመሰ፤ አንዱ ወተት አጠጣው፣ ሌላው ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ አስመለሰው። ሲያስመልስ ላምባው ወደ ሳንባው ገባ። ማስመለሱ እንደጎዳው ሐኪም የነገራቸው ልጁ ካረፈ በኋላ ነው። «ሁሉም ሊያድነው ነበር የሚሯሯጠው» አለችኝ። «አንድም ክፉ ሰው አልነበረም በቤቱ።» ከዚያ ወዲህ አግብታ ፈታለች፤ ልጅ አልወለደችም። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ በረኪናው የእጇን ቆዳ እየላጠ ሲያስቸግራት ሥራውን ትታ ልጅ መጠበቅ ጀመረች። እኔም ስለ ቁጣዋ ዳግመኛ አፌን አልከፈትኩም፤ ብከፍት ኖሮ ይሻል እንደሆነ እንጃ።

ድንቡሼ የምንላት ያቺ ክር የምታመጣዋ እናት ልጅ ናት። አምስት ዓመቷ ነው፣ ጉንጯ ሙልት ያለ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ። ወረቀት ታጥፋለች፣ ገለባ ትጎነጉናለች፣ የእኔን የፀጉር ላስቲክ አንድ በአንድ ቀጣጥላ ገመድ ሠርታበታለች። ቁጣ ላይ ግን አቅም የላትም። ሌሎቹ ሲቆጧቸው ያለቅሳሉ ወይ ይመልሳሉ፤ እሷ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ መሬት መሬት ማየት ነው። አንዴ ከተዘጋች አባብለሽም አስፈራርተሽም አትከፍቻትም።

ነገሩ የደረሰ ቀን እረፍት ነበርኩ። እትዬ ጠዋት የልጆቹን አንሶላ ልታጥብ በረኪናዋን አውርዳ ከግቢው የውሃ ገንዳ አጠገብ አስቀመጠች። ባልዲውን ሳትሞላ ውስጥ አንዱ ሕፃን ከፍራሽ ላይ ወድቆ ሲያለቅስ ሮጣ ገባች። አባብላ አስተኝታው ብትመለስ ጠርሙሱ ተጋድሟል፤ በረኪናው ሲሚንቶው ላይ ፈስሷል። አንገቱ ላይ ክር የለም። አጠገቡ ድንቡሼ ቁጢጥ ብላ አፏን በቀሚሷ ትጠርጋለች።

ጩኸቱን ስሰማ ማበጠሪያዬ ፀጉሬ ላይ እንደተሰካ ወጣሁ። እትዬ ልጅቷን በሁለት ትከሻዋ ይዛታለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጠጣሽው? ንገሪኝ፣ ጠጣሽው?»

ልጅቷ ከንፈሯን ገጥማ መሬት መሬት ታያለች።

«ድንቡሼ፣ ዛሬ እገድልሻለሁ። ነካሽው ወይ ነው የምልሽ።»

እገድልሻለሁ ያለቻት እንዳትሞትባት ፈርታ ነው። ለእኔ ይገባኛል፤ ለልጅቷ ማን ያስረዳላት?

አከራያችን ወተት በኩባያ ይዘው ብቅ አሉ። «ቶሎ ይህን አጠጧትና ጣት ከትታችሁ አስመልሷት» አሉ። እትዬ በደረቷ ልጅቷን ከለለቻት። «ማንም እጁን ወደ አፏ እንዳያስጠጋ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ሽማግሌው ግን ኩባያቸውን ይዘው ወደ ኋላ ተመለሱ። አፏን አሸተተቻት። ቀሚሷ በረኪና በረኪና ይላል፣ አፏ አይልም። በንጹሕ ውሃ አጉመጥምጣ አስተፋቻት፤ ከዚያ አቅፋት በረረች። እኔ ሌሎቹን ልጆች ለአከራያችን ሚስት ጥዬ ጠርሙሱን ይዤ ተከተልኳት። መንገድ ላይ በየመሐሉ ጆሮዋን ወደ ልጅቷ አፍ እያስጠጋች ትንፋሿን ታዳምጣለች።

ከመንገዱ ጫፍ ያለችው ክሊኒክ ሐኪም በትንሽ ባትሪ እያበራች የድንቡሼን ከንፈር፣ ምላስና ጉሮሮ አየች። ምንም የቀላ፣ የተላጠ ነገር የለም። «የጠጣሽው ወይ የበላሽው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀቻት። ድንቡሼ የለም በሚል ራሷን ነቀነቀች። «የጠጣች አትመስልም» አለች ሐኪሟ። «ልብሱን ቀይሩላት፣ ገላዋን እጠቧት። ማስመለስ ወይ መዋጥ ካስቸገራት ግን ሳትውሉ ሳታድሩ መልሷት።» እትዬ አግዳሚው ላይ ዘጭ አለች። ተመስገን ተመስገን እያለች ደጋግማ ልጅቷን ሳመቻት።

ወደ ቤት ስንመለስ ቀልድ ጀምሬ ነበር። ማበጠሪያው እስካሁን ራሴ ላይ መሆኑን ያወቅሁት እኮ አላፊ አግዳሚው ሲስቅብኝ ነው። እትዬ ልጅቷን ልታጥብ ቀሚሷን ስታወልቅላት ግን ከኪሷ አንድ ነገር ወደቀ። አነሳሁት። ከጠርሙሱ የጠፋው ቀይ ክር ነው፤ ዥጉርጉር ዶቃዎች ተሰክተውበታል። ተጠግቼ ሳየው ዶቃ አይደለም፣ የጉሎ ፍሬ ነው።

ከአጥራችን ውጭ ባለው ባዶ ቦታ የበቀለ ጉሎ አለ። እትዬ ስንቴ አስቆረጠችው፤ መልሶ ያቆጠቁጣል። ፍሬው ሲደርቅ እየፈነዳ ዘሩን በአጥሩ አናት ይወረውረዋል። ያብረቀርቃል፣ ያምራል፤ ደም የጠገበ መዥገር ይመስላል። በየማለዳው የምትጠርገው እሷ ናት፣ ግን የልጅ ዓይን ከመጥረጊያ ይበልጣል።

«ለዚህ ነዋ ጠርሙሱ የተገለበጠው» አሉ አከራያችን እየሳቁ። «ክሩን ልትፈታ ስትታገል። ለማን ነው ይኼ አምባር፣ አንቺ ዕቃ ሠሪ?»

«ለእማዬ» አለች ድንቡሼ በቀጭን ድምፅ።

ሁላችንም ሳቅን። ጭንቀቱ ሲለቀን ነው፤ የማያስቀውም ያስቃል። እትዬ ግን አልሳቀችም። ከእጄ ነጥቃ ወደ ብርሃኑ ወሰደችው።

«መርፌ ከየት አገኘች?» አለች።

ፍሬዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሯ እየነካች ቀጠለች።

«ቤቴ መርፌ የለም። ምስማር የለም። ይህ ቅርፊት ጠንካራ ነው። በምን በሳችው?»

አንዱን ፍሬ አገላብጣ አሳየችኝ። ቀዳዳው ክብ አይደለም፤ ጫፉ ተሸራርፏል፣ ነጩ ውስጡ ተፈርክሶ ይታያል። ክው አልኩ። ጉሎ ሳይሰበር ቢዋጥ ብዙ ጊዜ እንደገባ ይወጣል፤ መርዙ የሚለቀው ሲሰበርና ሲታኘክ እንደሆነ ከእሷው ከራሷ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

እትዬ ድንቡሼ ፊት ተንበረከከች። «ጉሎ በልተሻል?» አለቻት።

«አልበላሁም።»

ውሸት አልነበረም፤ ከዓይኗ ያስታውቃል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያቆም ነበር። እትዬ ከሹራቧ ላይ አንድ ቁልፍ በጠሰች። ስትናገር ድምፅዋን አላወቅሁትም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሰማሁት። «እኔም ለእናቴ ዶቃ መሥራት ፈለግሁ» አለቻት። «አበሳሱ ጠፋኝ። እስቲ አሳዪኝ።»

ድንቡሼ ለረጅም ጊዜ ፊቷን አጠናች፤ ቁጣ ይኖርበት እንደሆነ እየፈለገች። ከዚያ ቁልፉን ተቀብላ ወደ ኋላ ጥርሷ አስገባችና ነከሰችው። «እንዲህ ሰንጠቅ ስታደርጊው ለክሩ መግቢያ ይሆናል» አለች። «ይመራል። የተሰበረውን ትተፊዋለሽ።»

«ሁሉንም ተፋሽው?»

«ትንሽ ትንሹ አፌ ውስጥ ጠፋብኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለው በዓይኔ ላይ ተቀላቅሎ ነው የቀረው። ታክሲ አስቁሜ ትልቁ ሆስፒታል ድረስ ሄድን። ከታክሲው ሆኜ ፋብሪካ ላለችው እናቷ ደወልኩ፤ ሠራተኛ ስልኩን በር ላይ አስረክቦ ነው የሚገባው፣ ያነሳው ጥበቃው ነው። «ልጅሽ ሆስፒታል ናት በላት» አልኩት። እትዬ አምባሩን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛዋለች። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፤ ፍሬዎቹን አየና ፊቱ ተለወጠ። ለዚህ የሚሆን ማርከሻ እንደሌለ፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን እንዲይዝ የከሰል ዱቄት በጥብጠው እንደሚሰጧት፣ ፈሳሽ በደም ሥሯ እያስገቡ እንደሚጠብቋት ነገረን።

«ሆድሽን ያምሻል?» አላት።

ድንቡሼ መጀመሪያ እትዬን አየች። ከዚያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋት።»

«ታዲያ ለምን ለእትዬ አልነገርሻትም?»

«ክሩን ነክቼዋለሁ» አለችው። «የነካ ይሞታል። እየጠበቅሁ ነው።»

ዶክተሩ ምንም አልገባውም። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ያቺ ትንሽ ፍጡር ከጠዋት ጀምራ ሆዷን ይዛ፣ ለማንም ሳትናገር፣ መሞቻዋን ስትጠብቅ ነው የዋለችው። እትዬ አፏን በእጇ ይዛ ቆማ ቀረች።

እናቷ ስትደርስ የፋብሪካው ክር ብጥስጣሽ ልብሷ ላይ እንዳለ ነበር። እትዬ ተነሥታ ሁሉንም ከራሷ አፍ ነገረቻት፤ ጠርሙሱን፣ ጉሎውን፣ «እገድልሻለሁ» ያለቻትን ጭምር። አንዱንም አላለሳለሰችውም። እናትየዋ እስክትጨርስ ሰማቻት።

«እኔ እኮ አንቺ ዘንድ ስትውል ፈርቼ አላውቅም፣ እትዬ» አለቻት። «አንቺ ትፈሪልኝ ነበር።»

ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር። እትዬ ከአልጋው ሸሸት ብላ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ አግዳሚ የሚያስነሣት ጠፋ።

ድንቡሼ ወደ ማታ ማስመለስና ማስቀመጥ ጀመራት፤ ያ የሞላ ጉንጯ ሲጎድል በዓይናችን አየን። ቀናቱ እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። እኔ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ የእትዬን ልጆች እጠብቅ ጀመር፤ ገና በመጀመሪያው ጠዋት «አትንኩ» እያልኩ ስጮህ ለራሴ ተሰማኝ። ከሰዓት በኋላ ምግብ ይዤ ስሄድ እትዬ እዚያው ቦታዋ ላይ ናት። ነርሶቹ ሲመጡ ትነሣለች፣ ሲያልፏት ትቀመጣለች። የምግብ ዕቃውን እንዳመጣሁት እመልሰዋለሁ። «እንዴት አደረች?» እንጂ ሌላ ወሬ የላትም። የሌሎቹ ልጆች እናቶች እንዴት እንደሆኑ እንኳ አልጠየቀችኝም፤ አንዷ ልጇን ወደ ሌላ ቤት እንዳዛወረች ደግሞ እኔ አልነገርኳትም።

በመጨረሻ ዶክተሩ በሩን ከፍቶ ወጣ። ማስመለሱ እንደቆመ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራዋ ደኅና እንደሆነ፣ ከእንግዲህ እንደማያሰጋት ነገረን። እናትየዋ እጁን ይዛ ተንሰቀሰቀች፤ እኔም ጀመርኩ። እትዬ ግን አንዲት ጠብታ አልወጣትም፤ ነጠላዋን ብቻ ደጋግማ ታስተካክላለች። እናትየዋ ዓይኗን ጠርጋ ወደ እሷ ዞረች።

«ግቢና እያት» አለቻት።

በሩ ላይ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ድንቡሼ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። የብርድ ልብሱን ዘርፍ በጣቶቿ እየፈታች ትጎነጉናለች፤ አንዱ እጇ ላይ የግሉኮሱ መርፌ ተለጥፏል። ቀና ስትል እትዬን አየች። ሁለቱንም እጇን፣ መርፌ ያለበትን ጭምር፣ ሽጉጥ አድርጋ ብርድ ልብሱ ሥር ከተተቻቸው። የግሉኮሱ ቱቦ ተወጠረ።

«እጅሽን አውጪ፣ እናቴ፣ መርፌው ይነቀላል» አለቻት እናቷ።

አላወጣችም።

«አልቆጣሽም፣ የኔ ልጅ» አለች እትዬ ከበሩ ሳትርቅ። «ከእንግዲህ አልቆጣሽም።»

ድንቡሼ ፊቷን አየች። እጆቿ እዚያው ናቸው። እትዬ ቱቦው እንዳይነቀል ብላ ወደ ኋላዋ ወጣች፤ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችና ግድግዳውን ተደግፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

«ድናለች እኮ፣ እትዬ» አልኳት እቅፍ አድርጌ። «ሰማሽው አይደል ዶክተሩን? ምን ሆነሻል?»

«እጇን ደበቀችብኝ» አለችኝ።